ድቅል እርሾ ከወላጆቹ ይበልጣል ወይ? ላብራቶሪ ውስጥ ለክቶ ለማወቅ

የምትጠጡት ላገር ቢራ፣ የአዲስ አበባውም ሆነ የሙኒኩ፣ የተጠመቀው በድቅል እርሾ ነው። ሳካሮማይሲስ ፓስቶሪያነስ ይባላል። አንዱ ወላጁ ዳቦና ጠጅ ላይ የምናውቀው ሴሬቪሴ ነው፣ ሌላኛው ደግሞ ማን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ በ2011 ፓታጎኒያ ጫካ ውስጥ መገኘቱ የተነገረለት ኢዩባያነስ ነው። ሴሬቪሴ ቅዝቃዜ አይመቸውም፣ ኢዩባያነስ ቅዝቃዜውን ይችላል ግን ማልቶትራዮዝ የሚባለውን የብቅል ስኳር አይበላም፣ ልጃቸው ሁለቱንም ይችላል። ይሄን የሰማ ተማሪ "ድቅል ሁሌ ይበልጣል" ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ደግሞ ከመማሪያ መፅሀፉ "ድቅል መካን ነው፣ ስለዚህ ፊትነሱ (የመኖርና የመባዛት ብቃቱ) ዜሮ ነው" ይላል። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የሚያወሩት። እዚህ የምፅፈው እንዴት እንደሚለካ ነው፣ ለማስተርስ ቴሲስ ወይ ለሲኒየር ፕሮጀክት የሚሆን፣ ብዙ ማሽን በሌለበት ላብም የሚሰራ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጨርሱት

"ይበልጣል ወይ" ብቻውን ጥያቄ አይደለም። በስንት ዲግሪ? ምን እየበላ? ከየትኛው ወላጅ? ደግሞስ በየትኛው የህይወቱ ክፍል፣ እያቆጠቆጠ ሲባዛ ነው ወይስ ስፖር (ክሮሞዞሙ በግማሽ ተከፍሎ የሚሰራ የመራቢያ ሴል) ሲሰራ? እነዚህን ሳትፅፉ ፒፔት አትያዙ።

በተለይ "ከየትኛው ወላጅ" የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። ድቅሉ ከሁለቱ ወላጆች አማካይ መብለጡ አንድ ነገር ነው፣ ከተሻለው ወላጅ መብለጡ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በየጊዜው ይገኛል፣ ሁለተኛው ነው እንዴ የሚያሰኘው። ቴሲስ ላይ "ሄትሮሲስ አሳይቷል" ብሎ (የድቅል ብልጫ ማለት ነው) ፅፎ የትኛው እንደሆነ የማይናገር ሰው አንባቢውን እያደናገረ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ጥንድ ሴሬቪሴ ከኡቫሩም ጋር ነው። ኡቫሩም ቅዝቃዜ የሚወድ፣ ብርዳማ አገር ወይንና ሲደር ላይ የሚገኝ ዝርያ ነው፣ 37 ዲግሪ ላይ አያድግም፣ ሴሬቪሴ ግን 37 ላይ ምንም አይመስለውም። ስለዚህ 12፣ 25 እና 37 ዲግሪ ብትመርጡ የወላጆቹ ደረጃ ሲገለባበጥ ታያላችሁ፣ ድቅሉ የት እንደሚቆም ማየት ደግሞ የስራው ጣፋጭ ክፍል ነው።

1. ስትሬይኖቹን (የእርሾ ዘሮቹን) አዘጋጁ

ከዱር የመጣ እርሾ ኤችኦ የሚባል ጂን አለው፣ አንድ ስፖር ብቻውን በቅሎ የፆታ ዓይነቱን ቀይሮ ከራሱ ልጅ ጋር ይጋባና ዲፕሎይድ (ሁለት የክሮሞዞም ስብስብ ያለው) ይሆናል። ይሄ ባህሪ እያለ ማዳቀል ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ኤችኦ ጂኑ የወጣለት ሃፕሎይድ (አንድ የክሮሞዞም ስብስብ ብቻ ያለው) ስትሬይን ከእርሾ ስብስብ ማዕከል ወይ እርሾ ላይ ከሚሰራ ላብ ጠይቁ፣ በቦታው የመድሃኒት መቋቋሚያ ጂን የገባበት ቢሆን ይመረጣል። የሚያስፈልጋችሁ አራት ናቸው፦ ከእያንዳንዱ ዝርያ ማት ኤ (አንደኛው የፆታ ዓይነት) የሆነና ካንኤምኤክስ የተባለ መቋቋሚያ ጂን ያለው (ጂ-418 የተባለውን መድሃኒት የሚቋቋም)፣ እንደገና ከእያንዳንዱ ማት አልፋ (ሌላኛው የፆታ ዓይነት) የሆነና ናትኤምኤክስ ያለው (ኖርሴትሪሲን የሚቋቋም)።

ከነዚህ አራት ዲፕሎይድ ትሰራላችሁ። ሴሬቪሴ ከሴሬቪሴ፣ ኡቫሩም ከኡቫሩም፣ ድቅል በአንድ በኩል (ማት ኤው ከሴሬቪሴ)፣ ድቅል በተገላቢጦሽ (ማት ኤው ከኡቫሩም)። ወላጆቹንም ዲፕሎይድ ማድረግ ለምን? ምክንያቱም የክሮሞዞም ስብስብ ብዛት ራሱ እድገትን ይቀይራል፣ ዲፕሎይድ ድቅልን ከሃፕሎይድ ወላጅ ጋር አወዳድሮ "ድቅሉ በለጠ" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ቴሲስ ሳነብ ደጋግሜ የማየው ጉድለት ይሄ ነው። በዚህ አሰራር ደግሞ አራቱም ሁለቱን መድሃኒቶች ስለሚቋቋሙ መቋቋሚያው የሚያስከፍለው ዋጋ ካለ ሁሉም እኩል ይከፍላሉ።

አንድ አምስተኛ ስትሬይንም ያዙ፣ ምንም መቋቋሚያ የሌለው ሴሬቪሴ ዲፕሎይድ። ለውድድሩ ይፈለጋል።

2. ምግቡ፣ እና የአውቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛው) ጉዳይ

ዋይፒዲ (የተለመደው የእርሾ ማሳደጊያ ምግብ) ለአንድ ሊትር፦ 10 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት፣ 20 ግራም ፔፕቶን፣ 20 ግራም ግሉኮስ፣ ለፕሌት ከሆነ 20 ግራም አጋር። መድሃኒት የሚጨመረው ከአውቶክሌቭ በኋላ ጠርሙሱን በእጅ መያዝ ሲቻል ነው፣ ጂ-418 በሊትር 200 ሚሊግራም፣ ኖርሴትሪሲን በሊትር 100 ሚሊግራም።

አሁን መፅሀፎቹ የማይነግሯችሁ ነገር። ፕሮቶኮሉ "15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ" ይላል። ያ የባህር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 11 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፣ የግፊት ጌጁ የሚያሳየው ደግሞ ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 121 አይደለም። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 መጠጋት አለበት፣ ማሽኑ የሚችል መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን እንዳትሞክሩት። የሙቀት መለኪያ ያለው አውቶክሌቭ ከሆነ ግፊቱን ተዉትና ሙቀቱን እመኑ። ፕሬዠር ኩከር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ወደ 40 ደቂቃ አስረዝሙና ከያንዳንዱ ዙር አንድ ጠርሙስ ምንም ሳትጨምሩበት ሁለት ቀን 30 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፣ ከደፈረሰ ዙሩን ድፉት። ብዙ ሰው "እርሾዬ ተበከለ" ብሎ እጁን ሲወቅስ ጥፋቱ የጌጁ ነው።

3. ማዳቀሉ

ሁለቱን ሃፕሎይዶች ፕሌት ላይ ለየብቻ አሳድራችሁ፣ በስቴሪል ስቴኪኒ ጫፍ ከያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አንሱና ዋይፒዲ ፕሌት ላይ አንድ ላይ ደባልቁ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩበት። 25 ዲግሪ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ተዉት። ከዛ ትንሽ አንስታችሁ በ400 ማጉያ እዩ፣ ሁለት ሴሎች በወገባቸው ተያይዘው ከመገናኛው ላይ ሶስተኛ ቡቃያ ብቅ ያለበት ቅርፅ ካያችሁ ተጋብተዋል። አንዴ ካያችሁት በኋላ ከሌላ ነገር ጋር አትምታቱም።

ድብልቁን ሁለቱም መድሃኒት ያለበት ፕሌት ላይ ስትሪክ አድርጉ (በመስመር እየጎተታችሁ ዘርጉት)። እዛ ላይ የሚያድገው ከሁለቱም የወረሰው ብቻ ነው። ከዛ አንድ ኮሎኒ አይደለም የምታነሱት፣ ከተለያየ ማዳቀል የመጡ ስድስት ስምንት ኮሎኒ አንሱ፣ እያንዳንዱን እንደገና ስትሪክ አድርጋችሁ ነጠላ ኮሎኒ አውጡ። ሁሉም ድቅል አንድ አይነት አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ያገኛችሁትን በዛው ሳምንት 20 ፐርሰንት ግሊሰሮል ውስጥ አድርጋችሁ ከዜሮ በታች 80 ላይ አስቀምጡ፣ ሁለት ኮፒ በሁለት የተለያየ ፍሪዘር፣ ቢቻል በተለያየ ህንፃ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚይዘው የትኛውን መስመር እንደሆነ ቴክኒሻኑን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

4. በእርግጥ ድቅል ነው?

ሁለት መድሃኒት መቋቋሙ መጋባቱን ያሳያል፣ ቲዩብ ላይ የተፃፈው ስም ትክክል መሆኑን ግን አያሳይም። ቀላሉ ማረጋገጫ አይቲኤስ የሚባለውን የሪቦዞም ጂን አካባቢ በፒሲአር አብዝቶ ሄ-ሶስት በሚባለው ኤንዛይም መቁረጥ ነው። ሴሬቪሴ በግምት 320፣ 230፣ 180 እና 150 ቤዝ ላይ መስመር ይሰጣል፣ ኡቫሩም 500፣ 230 እና 150 ላይ። ትኩስ ድቅል ሁለቱንም ደርቦ ያሳያል። በቅሎን "አባትሽ ማነው" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች እንደሚባለው እርሾም ሙሉውን አይነግራችሁም፣ ጄሉን ነው የምትጠይቁት።

ከሱ በላይ የሚደበቀው ማይቶኮንድሪያው ነው። ሁለት እርሾ ሲጋቡ ማይቶኮንድሪያ ከሁለቱም ይገባል፣ ግን ጥቂት ትውልድ ሳይቆይ እያንዳንዱ የዘር ሃረግ የአንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ታዲያ ይሄ ቀልድ አይደለም፦ የሴሬቪሴን ማይቶኮንድሪያ የያዘ ድቅል ሙቀት ላይ ይሻላል፣ የኡቫሩምን የያዘ ቅዝቃዜ ላይ ይሻላል። ኒውክሊየሳቸው አንድ አይነት ሆኖ 37 ዲግሪ ላይ ሁለት ኮሎኒ የተለያየ ነገር ሊያሳዩዋችሁ ይችላል። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያው ላይ ያለውን ኮክስ-2 ጂን በፒሲአር አብዝታችሁ ሲኩዌንስ አስደርጉና የትኛው ድቅል የማንን እንደያዘ መዝግቡ። ሲኩዌንስ ማስደረጊያ በጀት ከሌለ ቢያንስ ብዙ ኮሎኒ ለኩ፣ ልዩነታቸውንም በአማካይ አትደብቁት።

ሌላ አንድ ትንሽ ነገር፣ ሁሉንም ግሉኮስ በሌለበት 3 ፐርሰንት ግሊሰሮል ያለበት ፕሌት ላይ አሳድጓቸው። እዛ ላይ ያላደገ ማይቶኮንድሪያው የተበላሸ ነው፣ አውጡት፣ አለበለዚያ የሱን ድካም የድቅልነት ድካም ታስመስሉታላችሁ።

5. የእድገት ከርቭ

ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠርሙስ ከተሰራ ዋይፒዲ፣ በአንድ ዲግሪ አሳድሩ። በማግስቱ ኦዲ 600 (በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካ ድፍርስነት) ላይ ለክታችሁ ሁሉንም ወደ 0.05 አውርዱ። ፕሌት ሪደር (ኦዲን በራሱ የሚያነብ ማሽን) ካለ 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ላይ 200 ማይክሮሊትር፣ በየ15 ደቂቃው እያነቃነቀ ያንብብ። የዳር ጉድጓዶች ውሃቸው ስለሚተን ባዶ ዋይፒዲ ሙሉባቸውና አትጠቀሙባቸው። ስትሬይኖቹን በረድፍ አትደርድሩ፣ ሴሬቪሴ ሁሉ በግራ ድቅል ሁሉ በቀኝ ከሆነ የለካችሁት የማሽኑን ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ በእጣ አደባልቋቸው።

አብዛኛው ፕሌት ሪደር ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ለ12 ዲግሪ ከውጪ ተርሞስታት የተገጠመለት ተራ ፍሪጅ ይበቃል፣ ቲዩብ ውስጥ አሳድጋችሁ በቀን ሁለት ሶስት ጊዜ በእጅ ለኩ፣ እዛ ሙቀት ላይ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ አያመልጣችሁም። እባካችሁ "ሩም ቴምፕሬቸር" ብላችሁ አትፃፉ፣ አዲስ አበባ ሐምሌ ላይና መጋቢት ላይ ሩም ቴምፕሬቸር አንድ አይደለም፣ ሌሊቱማ ሌላ ነው።

ኦዲ የሚዋሽበት ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ሴሎቹ ተጣብቀው ሲዘቅጡ ነው፣ አንዳንድ ስትሬይን እንደ እርጎ ይቋጥራል፣ ቲዩቡን ብርሃን ላይ ያዙና እዩ። ሁለተኛው የሴል መጠን ነው፣ ትልቅ ሴል ብዙ ብርሃን ይበትናል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስትሬይን ቢያንስ አንዴ በሂሞሳይቶሜትር (የሴል መቁጠሪያ መስታወት) ቆጥራችሁ ኦዲ 1 ስንት ሴል እንደሆነ እወቁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የኋለኛው ኦዲ ናቹራል ሎግ ሲቀነስ የፊተኛው ኦዲ ናቹራል ሎግ፣ ሲካፈል ለሰዓቱ። ከ0.05 ወደ 0.4 በ4.5 ሰዓት ከሄደ 8 እጥፍ ነው፣ 2.08 ሲካፈል ለ4.5፣ 0.46 በሰዓት ይመጣል፣ በየ90 ደቂቃው ይታጠፋል ማለት ነው። ይሄ ጤነኛ ሴሬቪሴ 30 ዲግሪ ላይ የሚሰጠው አይነት ቁጥር ነው፣ ከዚህ በጣም ከራቃችሁ ምግቡን ጠርጥሩ።

ከዛ ንፅፅሩ። ለማሳያ ያህል አንድ ወላጅ 0.46፣ ሌላው 0.34፣ ድቅሉ 0.44 ቢሆን፣ የወላጆቹ አማካይ 0.40 ነው፣ ድቅሉ ከአማካዩ በ10 ፐርሰንት በለጠ። ከተሻለው ወላጅ ጋር ግን 0.44 ከ0.46 በ4 ፐርሰንት ያነሰ ነው። ከአንድ ዳታ ሁለት አርእስት። ሁለቱንም ፃፉ።

6. ፊት ለፊት ማወዳደር

የእድገት ፍጥነት ብቻውን ሁሉንም አያሳይም፣ ምግብ ሲያልቅ ማን ቆሞ ይቀራል፣ ሲታደስ ማን ቶሎ ይነሳል፣ ይሄ ሁሉ የሚገባው ውድድር ውስጥ ነው። አምስተኛው መድሃኒት የማይቋቋመው ስትሬይን የሚገባው እዚህ ጋር ነው። አራቱን ዲፕሎይዶች እርስ በርስ ሳይሆን እያንዳንዳቸውን ከሱ ጋር አጋጥሙ፣ ያኔ ሁሉም በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።

እኩል እኩል ደባልቁ፣ 5 ሚሊሊትር ቲዩብ። በየ24 ሰዓቱ 50 ማይክሮሊትር ወደ 4.95 ሚሊሊትር አዲስ ዋይፒዲ አሻግሩ። መቶ እጥፍ ማቅጠን ማለት 6.6 ትውልድ ነው፣ በሶስት ቀን 20 ትውልድ ገደማ። ይሄ የሚሰራው በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚያድግ ከሆነ ነው፣ 12 ዲግሪ ላይ ማሻገሪያውን ቀን ሳይሆን ሙሉ ማደጉ ይወስነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ወደ 50 ሺ ጊዜ አቅጥናችሁ 100 ማይክሮሊትር ፕሌት ላይ አፍስሱ፣ ወደ 200 ኮሎኒ ይወጣል። እነሱን በቬልቬት ጨርቅ ወደ ጂ-418 ፕሌት አትሟቸው፣ እዛ የበቀለው የናንተ ነው፣ ያልበቀለው የተወዳዳሪው።

50 ለ50 ጀምሮ ከ20 ትውልድ በኋላ 73 ለ27 ከሆነ፣ የ73 ሲካፈል ለ27 ናቹራል ሎግ 0.99 ነው፣ ሲካፈል ለ20፣ በትውልድ 5 ፐርሰንት ብልጫ። ጥሩ ነው፣ ግን 200 ኮሎኒ ስትቆጥሩ በእድል ብቻ 3 ወይ 4 ፐርሰንት መወዛወዝ አለ፣ ስለዚህ በአንድ ቲዩብ አትኩራሩ፣ ስድስት ቲዩብ በየስትሬይኑ አድርጉ። በዚህ ቆጠራ 1 ፐርሰንት ልዩነት አገኘሁ የሚል ሰው ካያችሁ ስንት ቲዩብ እንደነበረው ጠይቁት።

"ለምን 50 ቀን አናስኬደውም" ትሉ ይሆናል። አይሆንም፣ ድቅል ጂኖም በቶሎ ይቀያየራል። ፎስፌት ባነሰበት ምግብ ለብዙ ትውልድ የቆዩ የሴሬቪሴና የኡቫሩም ድቅሎች ላይ ፎስፌት የሚያስገባው ፎ-84 የተባለ ጂን የአንዱ ወላጅ ቅጂ ጠፍቶ የሌላው ብቻ ሲቀር ታይቷል። ያኔ የምትለኩት የጀመራችሁትን ድቅል አይደለም። እሱን ማጥናት ከፈለጋችሁ ሌላ ፕሮጀክት ነው፣ ደስ የሚልም ነው።

7. ስፖር

እስካሁን ድቅሉ ደህና እየመጣ ነበር። እዚህ ጋ ይወድቃል።

ሴሎቹን አጥባችሁ 1 ፐርሰንት ፖታሲየም አሲቴት ላይ 25 ዲግሪ ከ3 እስከ 7 ቀን አቆዩ። አራት ስፖር የያዘ ከረጢት ስታዩ በዛይሞሊየዝ ኤንዛይም ግድግዳውን አላልታችሁ በማይክሮማኒፑሌተር አራቱን ለያይታችሁ ዋይፒዲ ላይ ደርድሩ። የላብ ሴሬቪሴ ከመቶ ከ90 በላይ ይበቅላል። በዝርያዎች መካከል ያለ ድቅል፣ ቅርብ ዘመድ ከሆነው ፓራዶክሰስ ጋር እንኳ፣ 1 ፐርሰንት አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው።

ምክንያቱ ጂኖቹ ስለተጣሉ ብቻ አይመስላችሁ። የሴሬቪሴና የኡቫሩም ዲኤንኤ በ20 ፐርሰንት ገደማ ይለያያል፣ 16ቱ ክሮሞዞሞች ጥንዳቸውን አግኝተው ሊለዋወጡ ሲሉ የዲኤንኤ አራሚው ስርዓት "ይሄማ አይገጥምም" ብሎ ያስቆማቸዋል። ያልተለዋወጠ ጥንድ ደግሞ በትክክል አይከፋፈልም፣ ስፖሩ ክሮሞዞም ጎድሎት ይወጣል። በሴሬቪሴና ፓራዶክሰስ ድቅል ላይ ከአራሚዎቹ አንዱን፣ ኤምኤስኤች-2ን፣ ሲያወጡት የሚበቅለው ስፖር እንደሚጨምር በ1996 ታይቷል። ሴሬቪሴና ኡቫሩም ላይ በተጨማሪ አንዳንድ የክሮሞዞም ክፍሎች ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ይሄን ቁጥር ከእድገት ፍጥነቱ ጋር አባዝታችሁ አንድ "ፊትነስ" አታድርጉት። እርሾ ብዙውን እድሜውን የሚያሳልፈው እያቆጠቆጠ ነው፣ ስፖር ሳይሰራ ለመቶ አመታት በቢራ በርሜል የኖረ ድቅል አለ። ሁለት ቁጥር፣ ሁለት አምድ፣ ከየሙቀቱ ጋር።

ስንት ስፖር እንደምትለያዩም አስቡበት። እውነተኛው 1 ፐርሰንት ቢሆንና 20 ከረጢት ብቻ፣ ማለትም 80 ስፖር፣ ብትለያዩ አንድም ሳይበቅል የመቅረቱ እድል 45 ፐርሰንት ነው። 100 ከረጢት ይሻላል፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ሙዚቃ ክፈቱ። አቅሙ ከሌለና ከ80 ምንም ካልበቀለ ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ "0 ፐርሰንት" ብላችሁ አትፃፉ፣ "ከ80 ስፖር አንድም አልበቀለም" በሉና እውነተኛው ቁጥር እስከ 4 ፐርሰንት ሊደርስ እንደሚችል ስሩ ላይ ጨምሩ።